የሐሙስ ምሽቱ የድሮ ኮሜዲ ይመለስልን፦ ለአካባቢያችን የባህል ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለምንኖርበት የስቶክሆልም ዳርቻ የባህል ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እና ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህንን ደብዳቤ መጀመሪያ በስዊድንኛ ጽፈን ቢሯችሁ ድረስ አምጥተን አስገብተናል። እስካሁን መልስ አላገኘንም። አሁን በአማርኛም አውጥተነዋል። ጉዳዩ የሚነካቸው አብዛኞቹ እናቶችና አባቶች እንደ ልብ የሚያነቡት በዚህ ቋንቋ ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጉዳያችን የሐሙስ ምሽት ፊልም ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሐሙስ ሐሙስ ማታ የድሮ የስዊድን ኮሜዲ ይታይ ነበር። መግቢያው ነፃ ነው። ቡናውን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ እናፈላለን፤ የቀረፋ ዳቦውን ስዊድናውያን ጡረተኞች ጋግረው ያመጣሉ። ካለፈው ጸደይ ጀምሮ ግን ፕሮግራሙ ቆሟል። በሩ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ምክንያቱን በጥቂት መስመር ጨርሶታል። የድሮዎቹ ኮሜዲዎች ለአካባቢው ነዋሪ ስለሚከብዱ ከእንግዲህ ስለ ስደትና ስለ አዲስ ሕይወት የሚያወሩ ፊልሞች ይታያሉ ይላል። በዚያው ሰሞን የፊልም ዲስኮቹም ከመደርደሪያው ተነሱ።

ለማን ነው የከበደው? ማንን ጠይቃችሁ ነው? ከእኛ መካከል የተጠየቀ ሰው የለም። ቅሬታችንን እናስረዳ።

አንደኛ፦ "ይከብዳቸዋል" መባሉን አንቀበልም።

"ሴልስካፕስሬሳን" የሚባለውን ፊልም እንውሰድ። በ1980 የወጣ ነው። ያዘጋጁት ላሴ ኦቤሪና ፔተር ሃልድ ናቸው። ስቲግ-ሄልሜር ኦልሶን የተባለውን ዓይናፋር ሰው ሆኖ የሠራው ራሱ ላሴ ኦቤሪ ነው። ያኔ የስዊድን ሕዝብ ከስምንት ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ይህንን ፊልም ያየው ሰው ግን ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋል። ዛሬም ስሙን ስትጠራ ፈገግ የማይል ስዊድናዊ ጡረተኛ አላጋጠመንም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ስቲግ-ሄልሜር በገና ሰሞን ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ወደ ግራን ካናሪያ ሊሄድ ነው። ዶክተር ሌቫንደር የሚባል ሰው በገና ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ አድርስልኝ ብሎ ያስይዘዋል። ውስጡ ገንዘብ ነው። ስቲግ-ሄልሜር ይህን አያውቅም። የዋህ ስለሆነ ተቀብሎ ይሄዳል።

ይህ ቦታ ላይ ሲደረስ አዳራሹ ምን እንደሚመስል ከእናንተ መካከል መጥቶ ያየ የለም። እናቶቻችን ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። "አትቀበል!" ይላሉ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው። "ክፈተውና እየው እንጂ አንተ ልጅ!" ይላሉ። አገር ቤት በሄዱ ቁጥር የሻንጣቸው ግማሽ የሰው ዕቃ ነው። ሲሄዱ መድኃኒት፣ ጫማ፣ ስልክ። ሲመለሱ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤ። "ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም" የምትባለዋን ዕቃ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እምቢ ማለት ያሳፍራል። መቀበል ያስጨንቃል። የተጠቀለለ ዕቃ ተቀብሎ ጉምሩክ ላይ የተንገላታ ሰው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስቲግ-ሄልሜር ያንን ስጦታ በብብቱ ሲይዝ እናቶቻችን ዕቃውን ከነጭንቀቱ ያውቁታል። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ የሚስቁት።

ያልገባን ነገር አንድ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ለምን ተደብቆ ይወጣል? አጠገባችን የተቀመጡት ስዊድናውያን አስረዱን። በዚያ ዘመን ስዊድን የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር ነበራት። እስከ 1989 ድረስ ገንዘብ እንደ ልብ ከአገር ማውጣት አይቻልም ነበር። ይህ ደግሞ ለእኛ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል! ቦሌ ላይ ዶላሩን ያስመዘገበ ሰው ወዲያው ነው የሚገባው። እኛም በተራችን ስለ ባንኩ ምንዛሪና ስለ ብላክ ማርኬቱ አጫወትናቸው። የዚያን ቀን አዳራሹ የተዘጋው ጽዳት ሠራተኛው ቁልፍ ይዞ ከመጣ በኋላ ነው።

ሮባንና ቤራም አሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ከመጠጥ አይለዩም፤ የፔፔ ቦዴጋ የሚባለውን መጠጥ ቤት ፍለጋ ሽርሽራቸውን ይጨርሳሉ። ለእነሱ አስተርጓሚ የጠየቀ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኦሌ ነገር አለ። ስቲግ-ሄልሜር ከአገሩ ሰዎች ጋር ተሳፍሮ ሄዶ የልብ ወዳጅ ያገኘው በኖርዌጂያኑ በኦሌ ነው፤ ዮን ስኮልመን የተጫወተው ማለት ነው። ገና ኤስኤፍኢ፣ ማለትም ለመጤዎች የሚሰጠውን የስዊድንኛ ትምህርት፣ የሚማር ወጣት ይህንን አንስቶ ሲናገር ሰምተናል። በተሰባበረ ስዊድንኛው ብቸኛ መሆን የስደተኛ ብቻ መስሎት እንደነበር ተናገረ። ከስዊድናውያኑ አንዱ ተነስቶ አጠገቡ ሄዶ ተቀመጠ። ይህ ነው ለነዋሪው ከባድ የተባለው ፊልም።

"ኤፕልክሪገት"ም እንዲሁ ነው። በ1971 የሃሴ አልፍሬድሶንና የታገ ዳኒኤልሶን ሥራ ሆኖ የወጣ፣ ማክስ ፎን ሲዶቭና ሞኒካ ሴተርሉንድ የተወኑበት ፊልም ነው። አንድ ጀርመናዊ ባለሀብት በደቡብ ስዊድን ገጠር መሬት ይዞ ግዙፍ የመዝናኛ ቦታ ሊሠራ ይመጣል። ገበሬዎቹ ይዋጉታል፤ አስማት ሁሉ ይጠቀማሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ከእኛ አባቶች መካከል ክርክር ተነሳ። አንዱ ኢንቨስተር ካልመጣ ልጆቹ ምን ይበላሉ አሉ። ሌላው ደግሞ መሬቱ ከሄደ በኋላ የሚበላው ራሱ ኢንቨስተሩ ነው አሉ። ስዊድናውያኑም በሁለት ተከፈሉ። ኤቨርት ቶብ ለዚህ ፊልም የጻፈውን "ኤንግላማርክ" የተባለውን ዘፈን ያን ዕለት ተምረናል። አሁን ብዙዎቻችን በቃል እንዘፍነዋለን። እናንተ ከምትከፍሉባቸው የቋንቋ ኮርሶች ስንቶቹ ይህንን አድርገዋል?

ሁለተኛ፦ አዳራሹ የእኛ ብቻ አልነበረም።

ማስታወቂያችሁ የሚያወራው ስለ እኛ ስለ መጤዎቹ ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ ግን ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ስዊድናውያን አዛውንቶችም አሉ። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል። ከእነሱ ጋር ያለን ግንኙነት ደረጃ ላይ "ሄይ" ተባብሎ ማለፍ ነበር። አንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ ዓመታት የኖሩ አንዲት የእኛ እናትና አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት መጀመሪያ የተጨዋወቱት ሐሙስ ማታ ነው።

ያን ቀን የታየው "ሙንክብሮግሬቨን" ነበር። የ1935 ፊልም ነው። ኢንግሪድ በርግማን፣ ኋላ ዓለም ያወቃት፣ ስትናገር የታየችው መጀመሪያ እዚህ ፊልም ላይ ነው። በአሮጌው ከተማ በጋምላ ስታን የአንድ ሆቴል ሠራተኛ ሆና ትሠራለች። በፊልሙ ውስጥ መጠጥ በድብቅ ይሸጣል። ለምን በድብቅ ብለን ጠየቅን። አሮጊቷ ተነስተው ስለ "ሙትቡክ" ነገሩን። ከ1917 እስከ 1955 ድረስ ስዊድን ውስጥ አረቄ ለመግዛት ደብተር ያስፈልግ ነበር። የገዛኸው ሁሉ ደብተሩ ላይ ይመዘገባል። አባታቸው ደብተር ነበራቸው። እናታቸው አልነበራቸውም። ያገባች ሴት በአብዛኛው አይሰጣትም ነበር።

የእኛ እናት ይህንን ሲሰሙ ማመን አልቻሉም። "ጠላውን የምትጠምቅ፣ አረቄውን የምታወጣ ሴት! እንዴት ነው ለእሷ የሚከለከለው?" አሉ። ሌላ ሰው ተረጎመላቸው። አሮጊቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሐሙሱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይመጡ ነበር። ክረምት ላይ መንገዱ በረዶ ስለሚሆን አንዷ ያለ ሌላዋ አትወጣም። አሁን አሮጊቷ ከቤት መውጣት ትተዋል። እግራቸውም ደክሟል፣ የሚወጡበትም ጉዳይ የለም። የእኛ እናት ሾርባ ይዘው ይወጣሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርግም። የቀሩትን ስዊድናውያን ካየናቸው ቆየን።

መንግሥት በ2023 የስዊድን ባህል ዋና ዋና ሥራዎችን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ኮሚቴ አቋቁሟል። መጤው የአገሩን ባህል ይወቅ የሚል ንግግር በየቀኑ እንሰማለን። እኛ ማንም ሳያዘን፣ በፈቃዳችን፣ ከነባለቤቶቹ ጋር ተቀምጠን እያወቅነው ነበር።

ሦስተኛ፦ በምትኩ ያመጣችሁት።

ስለ ስደት ፊልም የሚሠሩ ሰዎችን እናከብራለን። ልፋታቸው ይገባናል። አንዳንዶቹ ፊልሞች ግሩም ናቸው። በየሳምንቱ ግን? ሰሃራን አቋርጦ፣ ባሕሩን በጎማ ጀልባ ተሻግሮ የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ሲደክመው ማታ ተቀምጦ የሰመጠች ጀልባ እንዲያይ ትጋብዙታላችሁ። እንዲህ ያለ ወንድማችን ፊልሙ ሳይጋመስ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ተከትለነው ወጣን። ውጭ ቆሞ ነበር፤ ብዙም አላወራም። ከዚያ በኋላ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። ይህ ሰው "ሴልስካፕስሬሳን" ላይ ከፊት ወንበር ሆኖ ሆዱን ይዞ ይስቅ የነበረ ነው።

ስደትን እኛ እናውቀዋለን። የምንኖርበትን አገር ሳቅ ነው ማወቅ የፈለግነው።

አራተኛ፦ ዲስኮቹ።

ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ስላለ ዲስክ አያስፈልግም ተብለናል። ለማን ነው ያለው? አዛውንቶቹ ባንክ አይዲ የሚባለው በስልክ የሚሠራ መታወቂያ የላቸውም፤ ያላቸውም በልጆቻቸው ስልክ ነው። ሌላም ነገር አለ። በዲስኮቹ ላይ ጆሮ ለሚከብዳቸው ሰዎች የተዘጋጀ የስዊድንኛ ጽሑፍ ከሥር ይመጣ ነበር። እሱ ለእኛ ወርቅ ነበር። እየሰማን እናነባለን። ያመለጠንን እናቆምና መልሰን እናያለን። በአረጋውያን ቤት የምትሠራ አንዲት እህት የሥራዋን ግማሽ ስዊድንኛ ከዚያ ነው የለቀመችው። የምትንከባከባቸው ሰዎች የሚናገሩት የወጣትነታቸውን ዘመን ቋንቋ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከድሮ ፊልም በሰማችው አባባል ስትመልስላቸው ፊታቸው ይበራል።

በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የቤተ መጻሕፍት ሕግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ይላል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስዊድንኛ ላልሆነ ሰዎች ልዩ ትኩረት ይስጡ ይላል። ልዩ ትኩረት ማለት ለእኛ የተለየ ነገር መርጦ ከሌላው መነጠል ነው ብለን አናምንም።

አምስተኛ ነጥባችን አጭር ነው። እነዚህ ፊልሞች ከላይ ሆኖ በሚመርጥ ሰው ሲናቁ የመጀመሪያቸው አይደለም። በ1937 ቱር ሞዴን የተወነበት "ፓንሹናት ፓራዲሴት" በወጣበት ዓመት ደራስያን በስቶክሆልም ኮንሰርት አዳራሽ ተሰብስበው የስዊድን ፊልም ባህል ነው ወይስ አረመኔነት ብለው ተከራክረዋል። የዚያ ዘመን ኮሜዲዎች "ፒልስነር ፊልም" ተብለው ነው የቀሩት፤ የቢራ ፊልም እንደማለት ነው። ዮን ኤልፍስትሮም የተወነባቸው የገጠሬው የኦሳ-ኒሴ ፊልሞችም ከ1949 እስከ 1969 ድረስ ሲወጡ ሃያሲው ሲያጣጥላቸው ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን ይሞላ ነበር። ሁሉም ጥሩ ናቸው አንልም። አንዳንዱ የኦሳ-ኒሴ ፊልም ያሰለቻል። ጥቁር ሰውን ወይም ሮማ የሚባሉትን አናሳ ሕዝቦች የሚያንቋሽሽ ቀልድ ያለባቸው የድሮ ፊልሞችም አሉ። እንደዚያ ያለ ቦታ ሲያጋጥመን ፊልሙን አቁመን ተነጋግረንበታል። ስዊድናውያኑ አፍረዋል፣ እኛም የሚሰማንን ተናግረናል፣ ከዚያ ቀጥለናል። አዋቂዎች ነን። ከዚህ ልትጠብቁን አስባችሁ ከሆነም እኛኑ መጠየቅ ይቀድም ነበር።

ስለ ገንዘብ ብዙ አንልም።  ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የእኛው ሰው ነበር፣ ያለ ክፍያ። ወንበር የምናነሳው እኛ፣ ወለሉን የምንጠርገው እኛ። ወጪ ቢኖር እንኳ ለመነጋገር ዝግጁ ነበርን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የሐሙስ ምሽት የድሮ ኮሜዲ ፕሮግራም ከመጪው መስከረም ጀምሮ እንዲመለስ እንጠይቃለን፤ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰዓት። ስለ ስደት የሚያወሩት ፊልሞችም ይቀጥሉ፤ ሌላ ቀን ይሰጣቸው።

ፊልም የሚመርጥ ትንሽ ኮሚቴ ይቋቋም። ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው፣ ከስዊድናውያን ጡረተኞች አንድ፣ ከአማርኛ ተናጋሪዎች አንድ፣ ከሶማሊኛና ከዓረብኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም አንድ አንድ ሰው ይግቡበት። እነሱም ይመጡ ነበር፤ የእኛን ያህል ተከፍተዋል።

ከመደርደሪያ የተነሱት ዲስኮች የት እንዳሉ ይነገረን። ካልተጣሉ ይመለሱ። ከተጣሉ ደግሞ የስዊድን ፊልም ኢንስቲትዩት የድሮ ፊልሞችን ወደ ዲጂታል ሲቀይር ቆይቷልና ከእዚያ ምን ማግኘት እንደሚቻል ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅልን። የሚታየው ፊልም ሁሉ በተቻለ መጠን የስዊድንኛ ጽሑፍ ከሥሩ ይኑረው።

ከቤት መውጣት ላቃታቸው አዛውንቶች ቢያንስ በክረምቱ ወራት ወደ አዳራሹ የሚያደርሳቸው መጓጓዣ ይታሰብ። መኪና ያለን ሰዎች ተራ ገብተን ለማገዝ ተስማምተናል። የምንፈልገው የጽሕፈት ቤቱን ፈቃድና የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው።

በመጨረሻም፣ የበሩ ማስታወቂያ ላይ ያለው ለነዋሪው ይከብዳል የሚለው ሐሳብ እንዲነሳና ውሳኔው እንዴት እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን። መልሳችሁን በስዊድንኛ ብትጽፉልን ይበቃናል፤ እናነበዋለን። ከመልሱ በፊት አንድ ሐሙስ ማታ መጥታችሁ አብራችሁን ለመቀመጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁም ቀኑን አሳውቁን፤ ፊልሙንም ቡናውንም እኛ እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሐሙስ ምሽት የፊልም ተመልካቾች አስተባባሪ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር

የአማርኛ ተናጋሪ እናቶች የቡና ቡድን ተወካይ

የስዊድናውያን ጡረተኞች ተወካይ